በሃምሳው የጾመችው ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ መድኃኒት የምደብቅ ይመስለዋል። በቅርቡ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች እቤቴ መጥተው ለወላጆች ስለ ስልክና ስለ ልጆች አእምሮ ንግግር እንዳደርግ ለመኑኝ። «ሲስተር፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ከነዚህ ልጆች ጋር ኖረዋል፤ መፍትሔውን ያካፍሉን» አሉኝ። ሻይ አቀረብኩላቸውና እምቢ አልኩ። ትሕትና መሰላቸው። ትሕትና የለብኝም፤ የሌለኝ መፍትሔው ነው። ያለኝ ያየሁት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማይክ ይዤ ከማወራው ቁጭ ብዬ ብጽፈው ይሻለኛል።

ስሜ ጥሩነሽ ነው። አገር ቤት ነርስ ነበርኩ፤ የአትላንታ ሐበሻ እስከ ዛሬ ሲስተር የሚለኝ በዚያ ነው። በዲቪ መጣሁ፤ የነርስነት ወረቀቴን እዚህ ለማስመዘን ሞክሬ ሲታክተኝ ተውኩት። መጀመሪያ ዳውንታውን አትላንታ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጬ ቲኬት እቀበል ነበር። ከዚያ አረጋውያን ማቆያ ገባሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ሎረንስቪል ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለክሊኒኩ ረዳት እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ደሞዙን ባላነሳው ይሻላል፤ ኢንሹራንሱ ግን ጥሩ ነበር።

እዚያ ያሳለፍኳቸው ዓመታት ጥሩ ነበሩ። የሚመጣው ሕመም የጤነኛ ልጅ ሕመም ነው። ጉልበት ተልጦ፣ አፍንጫ ነስሮ፣ ቅማል ተገኝቶ፣ ጥርስ ወልቆ ይመጣሉ። የወለቀውን ጥርስ በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አድርጌ ስሰጣቸው ሽልማት የተቀበሉ ያህል እያሳዩ ይሄዳሉ። እያለቀሱ መጥተው እየሮጡ ይመለሳሉ። ሥራ ማለት ይሄ ነው ብዬ ነበር።

ኋላ ታከር ያለ ሃይስኩል ተዛወርኩ። የክሊኒኩ ነርስ ሚስ ዶሪስ ትባላለች። ጆርጂያ ተወልዳ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ከወንበሯ ስትነሳ ሁሌ አምላኳን የምትጠራ፣ ስትስቅ ኮሪደሩ የሚሰማት ሴት ናት። ስሜ ስለከበዳት በመጀመሪያው ቀን «ቲሩ» አለችኝና እንደዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ሥራ የማውቀውን ሁሉ ከእሷ ነው የተማርኩት። አገር ቤት የተማርኩት ቁስል ማጠብ ነበር፤ እሷ ያስተማረችኝ ቁስል የሌለውን ልጅ ማየት ነው።

አመሏ ብዙ ነው። ልጅ ከመንካቷ በፊት እጇን በሙቅ ውሃ ታሞቃለች። ልጁን ደግፎ ያመጣው ጓደኛ ካለ ውሃ እንዲያመጣ ትልከዋለች፤ ጓደኛ ባለበት ማንም እውነቱን አይናገርም ትላለች። ጣት ላይ ተደርጎ የልብ ምት የሚያነብ መሣሪያ ነበረን፤ እሷ ግን ሁልጊዜ አንጓውን በእጇ ትይዝና የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። አንድ ቀን ለምን እንደምትደክም ጠየቅኳት።

«ማሽኑ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ» አለችኝ። «እጁን ይዘሽ ዝም ስትይ ግን ልጁ ዝምታው ይከብደውና ማውራት ይጀምራል።»

እውነቷን ነበር። ምንህን አመመህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ዛሬ ምን ቀመስህ፣ ምሳ ከማን ጋር ትበላለህ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንቱ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ የሃይስኩሉ ሥራም መልክ ነበረው። ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል፣ ወንዶቹ ይደባደባሉ፣ ሴቶቹ የወር አበባ ቁርጠት ይዟቸው ይመጣሉ። ከዚያ ቀስ በቀስ፣ መቼ እንደጀመረ ሳላውቀው፣ የሚታሸግ ቁስል ጠፋ። ምክንያት የሌለው ሆድ ቁርጠት፣ ትኩሳት የሌለው ራስ ምታት፣ ተኝቶ የማያውቅ ዓይን፣ ቁጭ ባለበት ልቡ የሚሮጥበት ልጅ መጣ። አንዷ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር አይታ መተንፈስ ያቅታታል። ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲጫወት አድሮ ወንበር ላይ ይወድቃል። የበረዶ ከረጢትና የጨው ብስኩት ይዤ እቆማለሁ፤ የት ላይ እንደማደርገው አላውቅም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ናፈቀኝ።

አለቆቹም አልተኙም፣ ይሞክራሉ። አንዱ ርእሰ መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ ላፕቶፕ ሲያድል እንደ ሠርግ አከበረው። ቀጥሎ የመጣችው ደግሞ ስልክ ጠላት ነው ብላ ጠዋት ጠዋት የሚቆለፍበት ከረጢት አመጣች፤ ልጆቹ የሞተ አሮጌ ስልክ ከረጢቱ ውስጥ ከተው ደህናውን ካልሲያቸው ውስጥ ይዘው ገቡ። ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የአእምሮ ጤና ፕሮግራሙ ነበር። በየሳምንቱ መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ፊቶች ይመጣሉ፦ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ መሐል የሆነ። ዛሬ ምን ይሰማሃል ይላል። ልጆቹ የሚስቀውን ፈጥነው ይነኩና ወደ ጉዳያቸው ይሄዳሉ። በዚያ ቁጥር መሠረት የእኛ ትምህርት ቤት ደስተኛ ነበር።

ወላጆቹማ ጉድ ነው የሚያደርጉት። አንድ የእኛ ሰው፣ ታክሲ ነጂ፣ ልጁ ክሊኒክ እየመጣ ሲተኛ አስጠርተነው ነበር። ማታ ሥራ ሲወጣ የዋይፋዩን ሣጥን ከግድግዳው ነቅሎ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዞ መሄድ ጀመረ። አየር ማረፊያ ወረፋ ሲጠብቅ የቤቱ ኢንተርኔት ከኋላው ተጭኗል። ልጁ በሳምንቱ የጎረቤት ፓስወርድ አገኘ። አባትየው ይህንን ሲነግረኝ እየሳቀ ጀመረና መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

እንግዲህ ስለ ብሌን ልናገር።

ብሌን እኛ ትምህርት ቤት ስትመጣ ዐሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም ነበር። እናቷ አስካለ ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ አባቷ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አስካለን ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ። ሥራና ጸሎት ብቻ የምታውቅ፣ ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን የምታይ ሴት ናት፤ ስሙንም ያወጣችላት ለዚያ ነው። ጭንቀቷ አንድ ነበር፣ ስልኩ። ባገኘችኝ ቁጥር «ሲስተር፣ ይቺን ልጅ ምን ባደርጋት ይሻላል? ስጠራት እንኳ አትሰማም» ትለኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም መሐል የስፖርት አስተማሪው ብሌንን ደግፎ አመጣት፤ ሜዳ ላይ ራሷን አዙሯት ነበር። ሚስ ዶሪስ እጇን አሞቀች፣ አስተማሪውን ሸኘች፣ አንጓዋን ያዘች። «ዛሬ ምን ቀመስሽ የኔ ልጅ?» አለቻት።

ብሌን ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ «ጾም ነው ሲስተር» አለችኝ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት የእኛ ልጆች አማርኛ መቻላቸውን ሲደብቁ ነው ያየሁት፤ ምሳ ይዘው ሲመጡ እንኳ እንዳይሸት ሽንት ቤት ገብተው የሚበሉ ነበሩ። እና አንዲት ልጅ ቀና ብላ ጾም ነው ስትለኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። ለሚስ ዶሪስ አስረዳኋት። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማንነካ፣ እስከ ከሰዓት ምንም እንደማንቀምስ፣ ይሄ የእኛ ትልቁ ጾም እንደሆነ። አስተርጓሚም፣ ጠበቃም፣ መምህርም ሆንኩ። ከስፖርቱ እንድትቀር፣ በምሳ ሰዓትም ከምግቡ ሽታ ርቃ ክሊኒካችን እንድትቀመጥ የጠየቅኩትም እኔ ነኝ።

ሚስ ዶሪስ እስክጨርስ ሰማችኝ። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን «ቲሩ፣ እኔ የሚጾሙ ልጆች አይቻለሁ» አለችኝ። «የሙስሊሞቹ ልጆች በረመዳን እዚሁ ይመጣሉ። ማታ የሚበሉትን እየቆጠሩ ነው የሚውሉት፤ እናቴ ይሄን ትሠራለች፣ አክስቴ ያንን ታመጣለች ይሉኛል። የራበው ሰው ስለ ምግብ ያወራል። ይቺ ልጅ ማታ ምን እንደምትበላ አንድ ቃል አልተናገረችም።»

«ሚስ ዶሪስ፣ ይሄ የእኛ ነገር ነው» አልኳት። በትሕትና ነበር ያልኩት፤ ግን በር መዝጋት ነበር። እሷም የእኔን ሃይማኖት የነካች መስሏት አፈረች መሰለኝ፤ ሁለተኛ አላነሳችውም።

ብሌን በየምሳው ሰዓት እኛ ጋ መቀመጥ ጀመረች። መስኮቱ ስር ያለው አልጋ ላይ ትወጣለች፣ ሹራቧን እስከ ጣቷ ትጎትታለች፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታያለች። ክሊኒክ ውስጥ ልጆች ወላጅ መጥራት ስላለባቸው ስልክ አይከለከልም ነበር። ጸጥተኛ፣ ጨዋ፣ ቦታ የማትይዝ ልጅ። እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ቀና ብዬ ሳያት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ አስካለ ነጠላዋን እንዳጣፋች ሮጣ መጣችና አቀፈችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«ሲስተር፣ ስልኳን ልነጥቃት ስንት ጊዜ እንደተጣላን ያውቃሉ። ዘንድሮ እግዚአብሔር ራሱ ገባበት። ከገና ጾም ጀምሮ አላቋረጠችም። ጆሮዋ ላይ የምትሰካውም መዝሙር ነው። አባ ራሳቸው ባለፈው በወጣቶቹ ፊት አመሰገኗት!»

«አንቺ ነሽ ያሳደግሻት» አልኳት። መዝሙር መሆኑን በምን አወቅሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ማን ይጠይቃል? በዚህ አገር ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያን የዞረለት ወላጅ የዲቪ ሎተሪ ለሁለተኛ ጊዜ እንደደረሰው ነው የሚቆጠረው። ደግሞ ለሚፈልገው ሰው የእኛ ቀን መቁጠሪያ ጾም አያጣም፤ ገና፣ ነነዌ፣ ዐቢይ፣ በመሐል ሮብና ዓርብ። እናትየው ትምህርት ቤት ትበላለች ብላ፣ እኛ ቤቷ ስትገባ ትበላለች ብለን፣ ቄሱ ጎበዝ ብለው፣ ሁላችንም ተባብረን አጨበጨብንላት።

ፋሲካ አለፈ። በዚያው ሳምንት ሮብ ዕለት ለሚስ ዶሪስ ላቀምሳት ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ሄጄ ነበር። በምሳ ሰዓት ብሌን እንደልማዷ መጥታ አልጋዋ ላይ ወጣች። ዳቦውን ቆረስኩ፣ እንቁላሉን ላጥኩና «እንኳን አደረሰሽ፣ እንኪ ቅመሺ» ብዬ ዘረጋሁላት።

«ሮብ ነው እኮ ሲስተር» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ጾም ነው።»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ሮብም ዓርብም አይጾምም። ይህንን ለማወቅ ቄስ መሆን አያስፈልግም፤ ሃምሳው እስኪያልቅ ሮብን እንደ ማክሰኞ የሚበላ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በእውነት የጾመ ሰውማ ቀኑን ሲጠብቅ ነው የከረመው። እጄ እንቁላሉን እንደያዘ ቀረ። ያን ጊዜ ገና ልጅቷን አየኋት። የጉንጯን አጥንት፣ ክንዷ ላይ የበቀለውን ስስ ፀጉር፣ በሚያዝያ ሙቀት የለበሰችውን ወፍራም ሹራብ። ሃያ ያህል ጊዜ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ያላየሁት ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየኝ።

«ሚስ ዶሪስ» ብዬ ጠራሁ። መጣች። አንጓዋን ያዘች፣ ሰዓቱን አየች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረች። ከዚያ መሣሪያውን ጠየቀችኝ፤ እሷ መሣሪያ ስትጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልቧ እንደ ተኛ ሰው ነበር የሚመታው።

አስካለ ስንደውልላት የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ደረሰች። ነገሩን ስንነግራት መጀመሪያ የተናደደችው በእኔ ነው።

«ሲስተር፣ ከእርስዎ አልጠብቅም! የሰው ልጅ ሃሺሽ ሲያጨስ ዝም ይባላል፤ የእኔ ልጅ ስለጾመች በሽተኛ ተባለች?»

«አስካለ፣ ዛሬ እኮ ሃምሳ ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ሮብ ነው፣ ጾም ነው አለችኝ። በሃምሳው።»

ወደ ልጇ ዞረች። «ብሌኔ? ሃምሳ መሆኑን አታውቂም?»

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ እዚህ አይደለም» አለች ብሌን፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የአልጋው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ደረቷን በጡጫ መታች።

የልጆች ሆስፒታል አስተኟት። ሐኪሟ ምግብ የመተው ሕመም ነው፣ የቅርብ ጊዜም አይደለም አለች። አስካለ «ጨጓራ ነው?» እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች፤ የአእምሮ ነው ስትባል «ልጄ እኮ አላበደችም» ትላለች። ሐኪሟ የልጅቷን ስልክ እዩት ስትላት አስካለ እኔን አስከትላ ወደ ካፍቴሪያው ወረደች፣ ብቻዋን ለማየት ፈርታ።

ከፈትነው። መዝሙር አልነበረም። አንዲት ልጅ መስታወት ፊት ትዞራለች። ጣቴን ወደ ላይ ሳንሸራትት ሌላ ልጅ ትመጣለች፣ እሷም መስታወት ፊት ትዞራለች። ሌላ። ሌላ። አንዷ ከአንዷ የከሳች ናት። ስር ያለው ጽሑፍ ደግሞ ልብ ነው፣ አበባ ነው፣ ምነው እኔን ባደረገኝ ነው። መጨረሻ የለውም። ክሊኒኬ ውስጥ፣ ዓይኔ ሥር፣ መስኮቱ አጠገብ ስታየው የከረመችው ይሄንን ነው።

አስካለ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ስክሪኑን ወደ ታች ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?» አለችኝ።

በኋላ ብሌን ራሷ ነገረችኝ፣ እናቷ ለሥራ በሄደችበት ቀን ሆስፒታል ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ። «ሲስተር፣ መጀመሪያ ጾሙ ሪል ነበር፣ አይ ስዌር። እማዬን ሰርፕራይዝ ላደርጋት የጾም ምግብ አሠራር ሰርች አደረግኩ። ከዚያ ላይክ፣ አንዷ በዚያ ምግብ እንዴት እንደከሳች ታወራለች። እሷን አየኋት። ከዚያ ሌላ አመጣልኝ። ከዚያ በቃ እሱ ብቻ ነው የሚመጣው። አልፈለግኩም እኮ፣ ራሱ ነው የሚያመጣው።»

«በየቀኑ እኔ ጋ ነበርሽ፤ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንቺ በእኔ ፕራውድ ነበርሽ እኮ» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። እውነቱን ነበር የነገረችኝ።

ሚስ ዶሪስ ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ ለቀቀች፣ ጉልበቷ ከልክሏት። አልኩሽ አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን የጨው ብስኩቱን ሣጥን ሞልታ፣ አልጋዎቹን ራሷ አንጥፋ፣ አቅፋኝ ሄደች። እሷ ከሄደች በኋላ ክሊኒኩን ከተለያዩ ነርሶች ጋር ይዤ ቆየሁ። ምን ቀመስሽ ስል መልሱን አላምንም ነበር፤ ሌላ ብስኩት እሰጥና እያየሁ አስበላለሁ። ልጆቹ ጥርጣሬዬን አወቁብኝና መምጣት ቀነሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ብሌን ከሆስፒታል ወደ ሌላ ስቴት ማገገሚያ ተላከች፤ ኢንሹራንሱ እስከፈቀደው ቆይታ ተመለሰች። አስካለ ስልኩን ቆልፋ አስቀመጠች። ግን የቤት ሥራው ላፕቶፕ ላይ ነው። የቡድን ሥራው፣ ፈተናው፣ አስተማሪው የሚልከው ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ነው። ከሁሉ የባሰው፣ ሐኪሟ ሩቅ ስለሆነች ሕክምናውም በስክሪን ነው። ብሌን በር ዘግታ ትገባለች፤ አስካለ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ሐኪሟ ትሁን ያቺ መስታወት ፊት የምትዞረው ትሁን መለየት አትችልም፤ እንግሊዝኛው ይፈጥንባታል። መርዙንም መድኃኒቱንም የሚያቀብለው አንድ ዕቃ ሲሆን እናት ምን ታድርግ? ንገሩኝ።

እኔ ጡረታ ወጣሁ። ኬክ ተቆረጠ፣ ርእሰ መምህሯ አመሰገነችኝ፣ ልጆቹ ፎቶ አነሱኝ፣ ወዲያው ለጠፉት። ስንቱን አዳንሽ ብትሉኝ ጥርሱ የወለቀውን እቆጥርላችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያሉትን አልቆጥርም። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው ይባላል፤ ከሆነም ይጻፍብኝ፣ ቆርጫለሁ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም አስካለ ደወለች። «ሲስተር፣ ዓርብ ምሳ እኛ ጋ ይምጡ» አለችኝ። በጾም ዓርብ ምሳ? ገረመኝ፤ ሽሮ ነው ብዬ ሄድኩ። ቤታቸው ታከር ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ብዙም አይርቅም። ስገባ የሥጋ ሽታ ተቀበለኝ። ጠረጴዛው ላይ ቅቅል በሰፊ ሳህን ቀርቧል፣ አጠገቡ ወተት ተቀድቷል። ብሌን ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇን በእጅጌዋ ውስጥ ከታ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከጀርባ ያያት አሥራ ሁለት ይላታል።

አስካለ በጆሮዬ ነገረችኝ። «ሐኪሟ አብራችሁ ብሉ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ብሉ ነው ያለችው። እኔ እየጾምኩ እሷን ብዪ ስላት፣ አንቺስ ትለኛለች። አባን ጠየቅኳቸው። ከልጅሽ ጋር ብዪ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን አሉኝ።»

ሴትዮዋን ላላወቃት ሰው ይሄ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይቸግረኛል። ብሌንን አርግዛ እንኳ የጾመች ሴት ናት። ታማ ሾርባ ሲሰጧት ሥጋ ነክቶታል ብላ የመለሰች ሴት ናት። እጇን ታጠበች፣ አማተበች፣ ሥጋውን አነሳችና ጎረሰች። ስታኝክ እንባዋ ወደ አፏ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም፣ ልጇ እንዳታይባት ቀና ብላ ትስቃለች።

«ጣፍጧል፣ አይደል ሲስተር?» አለችኝ።

እኔም ሳህኑን ወደ ራሴ ሳብኩ። ምን አደርጋለሁ፤ እናትየውን ብቻዋን ላስበላት? በላሁ። ምንም አልጣፈጠኝም፤ ግን ጣፍጧል አልኩ።

ብሌን ሁለታችንንም ታየን ነበር። «እማዬ፣ ዓርብ ነው እኮ። ለምን ትበያለሽ?»

«ካንቺ ጋር ልበላ።»

«እኔ ብዪ አላልኩሽም።»

«አላልሽኝም የኔ እናት። እኔ ነኝ የፈለግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ስትዪ።» አስካለ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ብሌን አፏን ከፈተች፣ ተቀበለች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቅን። ጉሮሮዋን ሁለታችንም እያየን ጠበቅን። ከዚያ በቀስታ ወደ ናፕኪን መለሰችው፣ አጠፈችውና ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። «ሶሪ እማዬ» አለች። ከልቧ ነበር፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ተነስታ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች።

አስካለ የራሷን ጨርሳ ነበር። እኔም ጨርሻለሁ። የብሌን ሳህን እንደቀረበ ነው። አስካለ ተነስታ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደነችው፣ ወስዳ ማይክሮዌቩ ውስጥ አስቀመጠችው፣ መዝጊያውን እንዳይጮህ ቀስ ብላ ገፋችው።

«ትንሽ ቆይታ ይርባት ይሆናል» አለችኝ።